300 ብሩ የሚጠይቀው፦ አንድ አክሲዮን ስመዝን የያዝኩት የሥራ ማስታወሻ

ጥቅምት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ኢትዮ ቴሌኮም ከድርሻው 10 በመቶውን ለኢትዮጵያውያን መሸጥ ከጀመረ ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ለሽያጭ የቀረቡት 100 ሚሊዮን አክሲዮኖች ሲሆኑ የአንዱ ዋጋ 300 ብር ነው፤ አንድ ሰው ከ33 አክሲዮን በታች መግዛት አይችልም፣ ከ3,333 በላይም አይፈቀድለትም። በብር ሲሰላ ዝቅተኛው 9,900፣ ከፍተኛው 999,900 ይሆናል። ግዢው በቴሌብር ስለሚፈጸም ስልክ ላይ ጥቂት ጊዜ መጫን ብቻ ይበቃል፤ እኔን ያሳሰበኝም ይኸው ቅለቱ ነው።

ከሰባት ዓመት በፊት የአንድ ባንክ አክሲዮን ስገዛ ያደረግኩት ምርመራ ቢኖር የአጎቴን ልጅ «ባለፈው ዓመት ስንት አካፈሉ?» ብሎ መጠየቅ ብቻ ነበር። የሒሳብ ባለሙያ ሆኜ ሳለ የባንኩን ሒሳብ አንድ ገጽ እንኳ አልገለጥኩም። በዚያ ግዢ አልከሰርኩም፤ ነገር ግን ያልከሰርኩት ስላወቅኩ አይደለም። በዚህ ጊዜ ከመግዛቴም ሆነ ከመተዌ በፊት ድርሻው ስንት እንደሚያወጣና ምን ሊያበላሸው እንደሚችል ራሴ መርምሬ፣ በየደረጃው ያሰብኩትን በቀኑ ልጽፍ ወስኛለሁ። ስህተቴም በኋላ እንዳይካድ ሳይሰረዝ ይቀመጣል።

ጥቅምት 11

ዛሬ ያደረግኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የአንዱን አክሲዮን ዋጋ ትቼ የመላውን ኩባንያ ዋጋ አሰላሁ። 100 ሚሊዮን አክሲዮን 10 በመቶ ከሆነ ጠቅላላው 1 ቢሊዮን አክሲዮን ነው፤ በ300 ብር ሲባዛ ኩባንያው 300 ቢሊዮን ብር ያወጣል ተብሏል ማለት ነው። ይህን ከጻፍኩ በኋላ ጥያቄው መልኩን ቀየረ። በቢሮአችን ሰው ሁሉ የሚነጋገረው «300 ብር ውድ ነው ወይስ ርካሽ?» እያለ ነው፤ 300 ብር ግን ለብቻው ውድም ርካሽም ሊሆን አይችልም፤ ኩባንያው በ3 ቢሊዮን አክሲዮን ተከፍሎ ቢሆን ኖሮ ያው ዕቃ በ100 ብር ይሸጥ ነበር።

በ2016 በጀት ዓመት የኩባንያው ገቢ 93.7 ቢሊዮን ብር ነበር። ስለዚህ ገዢው የሚከፍለው የአንድ ዓመት ገቢን 3.2 እጥፍ ነው። ቀጥዬ ስሌቱን ገልብጬ ከዋጋው ተነሣሁ። ለገንዘቤ በዓመት 15 በመቶ ብፈልግ፣ ማለትም ብሔራዊ ባንክ የፖሊሲ ወለድ ብሎ ያወጀውን ያህል ብቻ ብጠይቅ፣ 300 ቢሊዮኑ በዓመት 45 ቢሊዮን ብር የተጣራ ትርፍ ሊያስገኝ ይገባዋል። ይህ ከ93.7ቱ 48 በመቶ ነው። ከእያንዳንዱ ብር ገቢ ግማሽ ያህሉን የተጣራ ትርፍ አድርጎ የሚያስቀር የስልክ ኩባንያ አላውቅም። እንግዲህ 300 ብሩ ዛሬ ያለውን ኩባንያ ብቻ ሳይሆን ገና ያልመጣውንም ዕድገት ጭምር እየሸጠልኝ ነው። ይህ በራሱ ነውር የለውም፤ ብዙ ጥሩ አክሲዮኖች እንዲህ ይሸጣሉ። የሚቀረኝ ሥራ ያ ዕድገት ምን ያህል እንደሆነ ማወቅና ሊገኝ መቻሉን መመርመር ነው።

ጥቅምት 20

በጡረታ ከመሥሪያ ቤታችን የወጡትን፣ ዛሬም ድረስ ጋሼ እያልን የምንጠራቸውን የቀድሞ የሒሳብ ኃላፊያችንን ቤታቸው ሄጄ አነጋገርኳቸው። እሳቸው ሪፖርት የሚያነቡት ከኋላ ነው፤ መጀመሪያ ኦዲተሩ የጻፈውን፣ ቀጥሎ ከሒሳቡ ጋር የተያያዙትን ማብራሪያዎች፣ ፎቶግራፍ ያለበትን የሊቀመንበሩን መልእክት ግን ጨርሶ አያነቡትም። የያዝኩትን ስሌት ካዩ በኋላ «ዓመቱ የተዘጋው መቼ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ሰኔ 30 አልኳቸው። «ብሩስ በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር የተለቀቀው መቼ ነው?» አሉ። ሐምሌ 22።

ከዚያ በኋላ ምንም አልጨመሩም፤ የሚጨመርም አልነበረም። ገዢው በእጁ የያዘው የመጨረሻ የዓመት ሒሳብ የተዘጋው የውጭ ምንዛሪ ሥርዓቱ ከመቀየሩ 22 ቀን ቀድሞ ነው። በዚያ ሒሳብ ውስጥ ያለ የዶላር ዕዳ ሁሉ የተመዘገበው አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ በነበረበት ጊዜ ነው፤ ዛሬ ዶላሩ ከ110 ብር በላይ ሆኗል። ለምሳሌ ያህል፣ አንድ ኩባንያ 100 ሚሊዮን ዶላር ቢኖርበት ዕዳው በሰኔ 5.7 ቢሊዮን ብር ነበር፤ አሁን አንዲት ተጨማሪ ማማ ሳይተከል ከ11 ቢሊዮን ብር በላይ ሆኗል። ልዩነቱ በቀጣዩ ዓመት የትርፍና ኪሣራ መግለጫ ውስጥ ይገባል።

ይህ ለስልክ ኩባንያ ተራ ጉዳይ አይደለም። የአገራችን ኔትወርክ በአብዛኛው የተገነባው ከቻይና አቅራቢዎች ጋር በተደረጉ ትልልቅ የዱቤ ውሎች ነው፤ እንደ ጎርጎርዮሳውያኑ አቆጣጠር በ2006 ከዜድቲኢ ጋር የተፈረመው 1.5 ቢሊዮን ዶላር ነበር፣ በ2013 ደግሞ ከዜድቲኢና ከሁዋዌ ጋር በድምሩ 1.6 ቢሊዮን ዶላር የሚሆኑ ውሎች ተፈርመዋል። ከእነዚህ ብዙው ተከፍሎ ይሆናል፤ ነገር ግን መሣሪያው ወደፊትም በዶላር ነው የሚገዛው፣ ደንበኛው ደግሞ የሚከፍለው በብር ነው። ወጪው በአንድ ገንዘብ፣ ገቢው በሌላ ገንዘብ የሆነ ድርጅት ውስጥ አደጋው ያለው በሁለቱ መካከል ነው። በዚህ ምክንያት ባለፈው ዓመት ትርፍ ላይ የተመሠረተ ማንኛውም ስሌት የሚያሳየኝ ያለፈውን አገር ስለሆነ መነሻዬን ገቢው ላይ አድርጌ ትርፉን ራሴ ልገምት ወሰንኩ።

ኅዳር 2

ለግምት ሚዛን ያስፈልጋል። በአገር ውስጥ የሚወዳደር የስልክ አክሲዮን ስለሌለ ወደ ኬንያ ሄድኩ፤ የሳፋሪኮም ታሪክ ለዚህ ሥራ የተሰናዳ እስኪመስል ድረስ ይመቻል። የዚህ ክፍል ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያኑ አቆጣጠር ናቸው።

በ2008 የኬንያ መንግሥት ከሳፋሪኮም 25 በመቶውን፣ ማለትም 10 ቢሊዮን አክሲዮን፣ አንዱን በ5 ሽልንግ ለሕዝብ ሸጠ። ፍላጎቱ ከቀረበው አምስት እጥፍ በላይ ነበር፤ ከባንክ ተበድረው ያመለከቱም ብዙ ነበሩ። ኩባንያው በመጋቢት በዘጋው በጀት ዓመት 61.4 ቢሊዮን ሽልንግ ገቢና 13.85 ቢሊዮን የተጣራ ትርፍ ነበረው። ከገቢው 22.6 በመቶ ትርፍ ማለት ነው። ጠቅላላው 40 ቢሊዮን አክሲዮን በ5 ሽልንግ 200 ቢሊዮን ስለሚሆን ገዢው የከፈለው የአንድ ዓመት ትርፍን 14.4 እጥፍ ነበር። ኢትዮ ቴሌኮም ከገቢው 22 በመቶ ያተርፋል ብለን ብንነሣ 20.6 ቢሊዮን ብር ይሆናል፤ 300 ቢሊዮኑ የዚህ 14.6 እጥፍ ነው። ሁለቱ ዋጋዎች ከሞላ ጎደል እኩል መሆናቸው አስገረመኝ።

ታዲያ ናይሮቢ ላይ የገዛው ሰው ምን ደረሰበት? ሰኔ 9 ቀን 2008 ገበያው ሲከፈት አክሲዮኑ በመጀመሪያው ቀን ከ7 ሽልንግ አለፈ። በዓመቱ ግን በዓለም የገንዘብ ቀውስ መሐል፣ የኩባንያውም ትርፍ ወደ 10.5 ቢሊዮን በወረደበት ወቅት ከ3 ሽልንግ በታች ወረደ። በ2010 ተፎካካሪዎች ታሪፍ እየቀነሱ ሲዋጉት ዓመታት ያህል ከመሸጫ ዋጋው በታች ሰነበተ። ከዚያ በስልክ ገንዘብ የሚላክበት አገልግሎቱ ኤምፔሳ የኩባንያው ዋና ሞተር ሆነና ነሐሴ 2021 ላይ አክሲዮኑ 45 ሽልንግ አካባቢ ደረሰ፤ በዚያ ከፍታ ላይ የገዛ ሰው የከፈለው የዓመቱን ትርፍ 26 እጥፍ ነበር። በ2023 መጨረሻ 14 ሽልንግ አካባቢ ነበር። ኩባንያው በእነዚህ ሁለት ዓመታት ውስጥ ከአገሩ አንደኛ መሆኑ አልቀረም፤ ደንበኞቹም ጥለውት አልሄዱም። ዋጋውን ካወረዱት ምክንያቶች አንዱ፣ የሚያስቀው ነገር፣ እኛ አገር ሥራ ለመጀመር የከሰከሰው ገንዘብ ነው። አዲስ አበባ ላይ ሁለተኛ ሲም ካርድ በርካሽ የያዝነው ናይሮቢ ያለ ባለአክሲዮን ከፍሎልን ነው ማለት ይቻላል።

አንድ ተጨማሪ ስሌት ሠራሁ። በ5 ሽልንግ ገዝቶ ለ15 ዓመት የያዘ ሰው በ14 ሽልንግ ዋጋ ገንዘቡ ሦስት እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ነገር ግን በ2008 አጋማሽ አንድ ዶላር 63 ሽልንግ ገደማ፣ በ2023 መጨረሻ 156 ሽልንግ ገደማ ነበር። በዶላር ሲለካ አክሲዮኑ ከ8 ሳንቲም ወደ 9 ሳንቲም ነው የሄደው። በመካከሉ የተከፈለው የትርፍ ድርሻ ባይኖር ኖሮ በአፍሪካ ከታወቁት ስኬታማ ኩባንያዎች በአንዱ 15 ዓመት የቆየ ሰው የገንዘቡን አቅም ከመጠበቅ ብዙም አልፎ አይሄድም ነበር። ይህን መስመር በቀይ አሰመርኩበት።

ኅዳር 5

አጭር ማስታወሻ ስለ ባለቤትነት። ሽያጩ ሙሉ በሙሉ ቢሳካም 90 በመቶው የመንግሥት ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ የትርፍ ድርሻ ይከፈል ወይስ ለማስፋፊያ ይዋል፣ ቦርዱ ላይ ማን ይቀመጥ፣ ገጠር ውስጥ የማያዋጣ ማማ ይተከል አይተከል በሚሉ ጉዳዮች የእኔ ድምፅ ቁጥር ከመሆን አያልፍም። በእኛ አቆጣጠር ነሐሴ 2010 ላይ ኢትዮ ቴሌኮም የሞባይል ድምፅ አገልግሎት ታሪፍን በ40፣ የሞባይል ኢንተርኔትን በ43 በመቶ የቀነሰበትን ጊዜ አስታውሳለሁ፤ እንደ ደንበኛ ደስ ብሎኛል። ባለአክሲዮን ብሆን ኖሮ በዚያን ቀን ምን ይሰማኝ እንደነበር ዛሬ አሰብኩ። ቅናሹ ተጠቃሚ ስላበዛ መልሶ ገቢውን አሳድጎ ይሆናል፤ ቁም ነገሩ ውሳኔው የተመዘነበት ሚዛን የባለአክሲዮን ጥቅም ብቻ እንዳልሆነና ወደፊትም እንደማይሆን ነው። ይህን እንደ ጉድለት ሳይሆን እንደ ዕቃው ጠባይ መዝግቤዋለሁ፤ ዋጋው ላይ ግን ቅናሽ ሊያስከትል ይገባል።

ኅዳር 22

ወቅቱ የባንኮች ጠቅላላ ጉባኤ ስለሆነ ቢሮው ሁሉ የትርፍ ድርሻ ወሬ ነው። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ «ቴሌውን ትተህ ባንክ ግዛ፣ የእኔ 30 በመቶ አካፍሎኛል» አለችኝ። ስንት እንደገዛችው ጠየቅኳት። በወረቀቱ ላይ የ1,000 ብር ዋጋ ያለውን አክሲዮን ከሌላ ሰው በ1,600 ብር ነው የገዛችው። 30 በመቶው የሚሰላው ከ1,000ው እንጂ እሷ ካወጣችው አይደለም፤ 300 ብር ለ1,600 ሲካፈል 18.75 በመቶ ነው፣ ከዚያም ላይ ግብር ይቀነሳል። ይህን ስነግራት ፊቷ ተለወጠ፤ ባልነገርኳት ይሻል ነበር ወይ ብዬ ቀኑን ሙሉ አሰብኩ።

የባንክ አክሲዮን ሌላም ሸክም አለበት። ብሔራዊ ባንክ ባንኮች የተከፈለ ካፒታላቸውን እስከ 2018 ማብቂያ 5 ቢሊዮን ብር እንዲያደርሱ አዟል። ገና ያልደረሰ ባንክ አዲስ አክሲዮን ይሸጣል፤ ነባሩ ባለአክሲዮን ወይ ተጨማሪ ገንዘብ ያወጣል ወይም ድርሻው ይሳሳል። የተከፈለውን የትርፍ ድርሻ መልሶ አክሲዮን መግዣ ማድረግም የተለመደ ነው፤ እንዲህ ሲሆን በወረቀት ያገኘነው ትርፍ ኪስ ሳይገባ ተመልሶ ይሄዳል። ይህ ሁሉ ባንክ መጥፎ ነው ለማለት አይደለም። ባልደረባዬ የምታወዳድረው ሁለት የማይወዳደሩ ቁጥሮችን እንደነበረ ለማሳየት ነው፤ እኔም ከሰባት ዓመት በፊት ያደረግኩት ይህንኑ ነው።

ታኅሣሥ 8

በኤክሴል ሦስት የአምስት ዓመት መንገዶች ሠራሁ። እያንዳንዱ መንገድ ሦስት ነገሮችን ይገምታል፤ ገቢው በየዓመቱ ምን ያህል እንደሚያድግ፣ ከገቢው ስንት በመቶው ትርፍ እንደሚሆን፣ በአምስተኛው ዓመት ገበያው ለአንድ ብር ትርፍ ስንት ብር እንደሚከፍል።

በክፉው መንገድ ገቢው በዓመት 10 በመቶ ያድጋል፣ ትርፉ በውድድርና በምንዛሪ ተበልቶ 15 በመቶ ላይ ይወርዳል፣ ገበያውም የትርፉን 8 እጥፍ ብቻ ይከፍላል። በአምስተኛው ዓመት ገቢው 150.9 ቢሊዮን፣ ትርፉ 22.6 ቢሊዮን፣ የአንዱ አክሲዮን ዋጋ 181 ብር ይሆናል። ከትርፉ ግማሹ ይከፈላል ብዬ የአምስቱን ዓመት የትርፍ ድርሻ 47 ብር ብጨምርበት 228 ብር ነው። 300 ብር አውጥቼ ከአምስት ዓመት የዋጋ ንረት በኋላ 228 ብር። በመካከለኛው መንገድ ዕድገቱ 20፣ ትርፉ 22 በመቶ፣ ዋጋው 10 እጥፍ ነው፤ አክሲዮኑ 513 ብር፣ የትርፍ ድርሻው 92 ብር፣ ድምሩ 605 ብር ይወጣል። በደጉ መንገድ፣ 30 በመቶ ዕድገትና 25 በመቶ ትርፍ በ12 እጥፍ፣ አክሲዮኑ ብቻውን 1,044 ብር ይደርሳል።

እንግዲህ 300 ብር በዓመት 15 በመቶ ቢያድግ በአምስት ዓመት 603 ብር ነው የሚሆነው። የመካከለኛው መንገዴ ውጤት 605 ብር! ስሌቱን ያበላሸሁት መስሎኝ ደጋግሜ ሠራሁት፤ ያው ነው። የመሸጫ ዋጋውን ያወጡት ባለሙያዎች ተመሳሳይ ነገር አስበው ይሆናል፣ ወይም አጋጣሚ ነው። የሆነ ሆኖ ዋጋው የሚነግረኝ ግልጽ ነው፤ ነገሮች ደኅና ከሄዱ የሚገባኝን አገኛለሁ፣ ከዚያ የሚተርፍ ግን የለም። ሲሳሳቱ የሚያድን ልዩነት በዋጋውና በግምቱ መካከል አላገኘሁም።

ሌላው የታዘብኩት፣ ውጤቱን የሚያንቀጠቅጠው የቱ ግምት እንደሆነ ነው። በመካከለኛው መንገድ ላይ ሌላውን ሳልነካ ትርፉን ከ22 ወደ 17 በመቶ ባወርደው የአክሲዮኑ ዋጋ ከ513 ወደ 396 ብር ይወርዳል። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ደንበኛ ብዛት ነው፤ 78.3 ሚሊዮን ደንበኛ፣ 47.5 ሚሊዮን የቴሌብር ተጠቃሚ። የእኔ ሠንጠረዥ ግን ከደንበኛው ብዛት ይልቅ ከእያንዳንዱ ብር ስንት ሳንቲም እንደሚቀር እንድጠይቅ እያስገደደኝ ነው።

ታኅሣሥ 26

ትናንት ሊዘጋ የነበረው ሽያጭ እስከ የካቲት 7 ተራዝሟል። አንዳንዱ «ሰው አልገዛም ማለት ነው» ይላል፤ ሌላው «ዕድል ተሰጠን» ይላል። ዋጋውን የማይለውጥ ዜና ስለሆነ ሠንጠረዡን አልነካሁትም። ያም ሆኖ መራዘሙን ስሰማ ውስጤ ቀዝቀዝ ማለቱን አልክድም፤ ሌሎች የማይሻሙትን ነገር መግዛት እንደሚከብድ ዛሬ በራሴ ላይ አየሁት። ናይሮቢ ላይ የተሻሙት ሰዎች በዓመቱ ከገዙበት በታች ወርደው እንደነበር ራሴን አስታወስኩ።

ጥር 3

ትናንት የኢትዮጵያ የሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ በይፋ ሥራ ጀመረ፤ ወጋገን ባንክ የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ሆኗል። በንጉሡ ዘመን በብሔራዊ ባንክ ሥር ይካሄድ የነበረው የአክሲዮን ልውውጥ ከአብዮቱ ጋር ከተቋረጠ ግማሽ ምዕተ ዓመት ሊሆነው ነው። ደስ የሚል ቀን ነው፤ ለሥራዬ ግን የሚጠቅመኝ ሌላ ጥያቄ ነው፤ እኔ ልገዛው ያሰብኩት አክሲዮን የሚሸጠው የትና መቼ ነው? ኢትዮ ቴሌኮም በገበያው እስኪመዘገብ ድረስ የ300 ብሩን አክሲዮን ወደ ገንዘብ የምለውጥበት ግልጽ መንገድ የለኝም። ቢመዘገብም አዲስ ገበያ ላይ ሻጭና ገዢ ጥቂት ስለሚሆኑ በሠንጠረዥ ላይ ያለው ዋጋና በቸኮልኩ ቀን የማገኘው ዋጋ የተለያዩ ናቸው።

ማታ ይህን ለባለቤቴ ሳብራራላት እሷ በአንድ ጥያቄ ጨረሰችው፦ «ልጁ ቢታመም በስንት ቀን ብር ይሆናል?» መልስ አልነበረኝም። ባንክ ያለው ገንዘባችን 240,000 ብር ነው። ለተቀማጭ የሚከፈለው ዝቅተኛ ወለድ 7 በመቶ፣ የዋጋ ንረቱ ግን ከ15 በመቶ በላይ ስለሆነ ባንክ ውስጥም እያለቀ ነው፤ ይህ የእኔ ክርክር ነበር። እሷ ደግሞ ቀስ እያለ የሚያልቅና በተፈለገ ቀን የማይገኝ ገንዘብ አንድ እንዳልሆኑ አስረዳችኝ። ልክ ናት። ቢያንስ የስድስት ወር ወጪያችን ከዚህ ሥራ ውጭ ሆኖ እንዲቀመጥ ተስማማን።

የካቲት 3

ወሰንኩ። 66 አክሲዮን፣ 19,800 ብር። ከተቀማጫችን 8.25 በመቶ ነው። መጠኑን ያወጣሁት ከክፉው መንገድ ተነሥቼ ነው፤ ገንዘቡ 228 ብር በአክሲዮን ሆኖ ከአምስት ዓመት በኋላ ቢመለስ፣ ወይም ጨርሶ ለዓመታት ባይመለስ፣ የቤት ኪራያችንም የልጁ ትምህርት ቤትም አይነካም። መካከለኛው መንገድ ከ603 ብር አስተማማኝ በሆነ ልዩነት ቢበልጥ ኖሮ ሁለት እጥፍ እገዛ ነበር። በ200 ብር ቢቀርብ ምናልባት አምስት እጥፍ።

ከመግዛቴ በፊት ሦስት ነገር ጻፍኩ። በኦዲተር የተመረመረው የ2017 ሒሳብ ሲወጣ ትርፉ ከገቢው 15 በመቶ በታች ከሆነ አክሲዮን መጨመር የለም። ሁለት ዓመት ሙሉ የትርፍ ድርሻ ሳይከፈል ቢቀር ክፉውን መንገድ እንደ መካከለኛ እቆጥረዋለሁ። ዋጋው በገበያ ላይ ወጣ ወይም ወረደ በሚል ብቻ ግን ምንም አላደርግም።

ሐምሌ 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ማስታወሻውን ከአምስት ወር በላይ በኋላ ከፈትኩ። የሽያጩ ውጤት ከታወቀ ሰንብቷል፤ 47,377 ሰዎች 10.7 ሚሊዮን አክሲዮን ገዝተው 3.2 ቢሊዮን ብር ከፍለዋል። ከቀረበው አንድ አሥረኛ ጥቂት የሚበልጥ ነው። አማካዩ ገዢ 226 አክሲዮን፣ ወደ 68,000 ብር ገደማ አውጥቷል፤ እኔ ከአማካዩ ሲሶ አልደርስም። ከዚህ ዋጋው ውድ ነበር ብሎ መደምደም ይቻላል፤ ሰዉ ገንዘብ አልነበረውም ብሎም ይቻላል። ሁለቱን የሚለይ መረጃ በእጄ ስለሌለ ወደ ሠንጠረዡ አላስገባሁትም።

ትልቁ ነገር የዓመቱ ገቢ ነው፤ 162 ቢሊዮን ብር፣ ካለፈው ዓመት 72.9 በመቶ ብልጫ። የእኔ ደግ መንገድ እንኳ ለመጀመሪያው ዓመት የገመተው 121.8 ቢሊዮን ነበር። ሦስቱም መንገዶቼ ስተዋል። ቢሮ ውስጥ ለአንድ ሰዓት ያህል 66 አክሲዮን ብቻ በመግዛቴ ተናደድኩ።

ነሐሴ 3

ንዴቱ ሲበርድ ቁጥሩን ከፈልኩት። ደንበኛው ከ78.3 ወደ 83.2 ሚሊዮን አድጓል፤ 6 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ ከ72.9ኙ ዕድገት አብዛኛው የመጣው ከአዲስ ደንበኛ አይደለም። ገቢውን ለደንበኛ ባካፍለው በአንድ ሰው ከ1,197 ብር ወደ 1,947 ብር ሄዷል። ታሪፍ ተስተካክሏል፣ የዳታ አጠቃቀም ጨምሯል፣ በውጭ ምንዛሪ የሚገባውም ገቢ በብር ሲተረጎም አብጧል።

ከዚያ በቀይ ያሰመርኩበትን የኅዳር መስመር አየሁት። የ2016ቱ 93.7 ቢሊዮን ብር በጊዜው ምንዛሪ 1.6 ቢሊዮን ዶላር ያህል ነበር። የ2017ቱ 162 ቢሊዮን ደግሞ በዓመቱ መጨረሻ በነበረው፣ ከ130 ብር በላይ በሆነው ምንዛሪ ሲካፈል ከ1.25 ቢሊዮን ዶላር በታች ነው። በብር በሦስት ሩብ ሊያድግ የቀረበው ገቢ በዶላር አንሷል። መሣሪያው በዶላር ለሚገዛ ኩባንያ ይህ የወረቀት ጨዋታ አይደለም። የዓመቱ አማካይ ምንዛሪ ቢወሰድ ቅናሹ ይለዝባል፤ አቅጣጫው ግን አይለወጥም።

ስህተቴ እንግዲህ ዕድገቱን ማሳነሴ ብቻ አልነበረም። የሳፋሪኮምን ታሪክ በዶላር ለክቼ ትምህርቱን ካሰመርኩበት በኋላ፣ ከአንድ ወር ጥቂት በኋላ የራሴን ሠንጠረዥ ሙሉ በሙሉ በብር ሠራሁት። 15 በመቶ የጠየቅኩት ብር እንደዚያ በሚወርድበት ዓመት መሆኑን አላሰብኩም፤ የሚጠየቀው መጠን ራሱ መንቀሳቀስ ነበረበት።

ነሐሴ 10

ሠንጠረዡን እንደገና ሠራሁ። አሁን ከእያንዳንዱ የብር ዓምድ አጠገብ የምንዛሪ ዓምድ አለ፤ ወጪውም በሁለት ተከፍሏል፣ በብር የሚወጣና በዶላር የሚወጣ። መነሻ ገቢው 162 ቢሊዮን ስለሆነ 300 ብሩ ከ3.2 እጥፍ ወደ 1.85 እጥፍ ገቢ ወርዷል፤ አክሲዮኑ በዚህ መለኪያ ከጥቅምቱ ርካሽ ነው። ነገር ግን ትርፉ ከገቢው 22 በመቶ ወደ 13 በመቶ ወርዶ ከሆነ ትርፉ 21 ቢሊዮን ገደማ ይሆናል፣ ማለትም ከ93.7 ቢሊዮኑ ገቢ ላይ ከገመትኩት ጋር እኩል ነው፤ ገቢው ሁሉ አድጎ ለባለአክሲዮን የጨመረለት ነገር የለም ማለት ይሆናል። የቱ እንደሆነ የሚለየው የተመረመረው ሒሳብ ውስጥ የምንዛሪ ልዩነት ኪሣራ የሚለው መስመር ነው።

ጋሼ ደውለው ነበር። ሒሳቡ ሲወጣ አብረን እንድናነበው ተቀጣጥረናል፤ እንደ ልማዳቸው ከኋላ።